«ስውር መልእክት ያለበት ዶንኪ ኮንግ» ሲሏችሁ ኪሳችሁን ያዙ

የድሮ የአርኬድ ማሽን (ሳንቲም እየተከተተበት የሚሠራ የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን) ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ይችን አንብቡና ግዙ። እኔ ተሸውጃለሁ።

እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ ግለሰብ ዶንኪ ኮንግ የሚባለውን ጨዋታ ማሽን ገዛሁ። ለማሽኑ 1,400 ዶላር ተስማማን። ልከፍል ስል ሌላ 350 ጨምር አለኝ። የምን ብለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ እንደሌሎቹ አይደለም፤ ውስጡ የሠሪዎቹ ስውር መልእክት አለ። 22ኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ስክሪኑ ላይ ይወጣልሃል» አለኝ። ቆጥሬ ሰጠሁት።

መልእክቱ መኖሩ እውነት ነው። የጃፓኑ ጨዋታ አምራች ኒንቴንዶ ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያወጣ ኮዱን የጻፈለት ኢኬጋሚ የሚባል ሌላ የጃፓን ኩባንያ ነው። ፕሮግራመሮቹ ኮዱ መሃል በተሰባበረ እንግሊዝኛ አንድ ጽሁፍ ሸጉጠዋል። እንኳን ደስ አላችሁ ይልና፣ ይህን ፕሮግራም መፍታት ከከበዳችሁ እናስተምራችኋለን ይላል፤ ከነስልክ ቁጥሩ! ኋላ ላይ ኢኬጋሚ በዚሁ ኮድ ባለቤትነት ኒንቴንዶን ፍርድ ቤት አቁሞታል።

ችግሩ፣ ይህ ጽሁፍ ተራው ዶንኪ ኮንግ ውስጥም ያለ ነው። ደግሞም ስክሪን ላይ አይወጣም፤ ምን ብትጫወቱ አይወጣም። ቺፑን አውጥቶ ይዘቱን በኮምፒውተር ያነበበ ሰው ብቻ ነው የሚያየው።

22ኛው ደረጃ ላይ የሚጠብቃችሁ ሌላ ነገር ነው። ጨዋታው የሚሰጣችሁን ጊዜ የሚያሰላው የደረጃውን ቁጥር በ10 አባዝቶ 40 በመደመር ነው። 22 ላይ 260 ይመጣል። ማሽኑ ቁጥሩን በሚያስቀምጥበት አንድ ባይት (ትንሽ የማስታወሻ ቦታ) መያዝ የሚችለው ግን እስከ 255 ነው። ስለዚህ ቆጣሪው 255ን ሲያልፍ ወደ ዜሮ ዞሮ 4 ላይ ያርፋል፤ ይህ በመቶ ስለሚቆጠር ሰዓቱ ከ400 ብቻ ይጀምራል። የምታንቀሳቅሱት ገጸ ባሕርይ ማሪዮ ጥቂት እርምጃ እንደሄደ ማንም ሳይነካው ይሞታል። በቃ፣ ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል። ሻጩ ይህን ቁጥር የመረጠው አውቆ ይመስለኛል። ማን ደርሶ ያጣራል? የእህቴ ልጅ ሳምንት ሙሉ ታግሎ አራተኛውን አላለፈም።

ጉዱን ያወጣውም እሱው ነው። ሳንቲም የሚገባበትን በር ከፍቶ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ሲጫን ስክሪኑ ላይ የሌሎች ጨዋታዎች ዝርዝር መጣ። ፓክ-ማን፣ ጋላጋ፣ ምን የሌለ አለ! የኋላውን ክዳን ፈታሁት። የ1981ዱ ማሽን ውስጥ ቺፕ የተደረደረባቸው፣ በሪባን ገመድ የተያያዙ ትልልቅ ቦርዶች ናቸው ያሉት። እኔ ያገኘሁት መዳፌ ላይ የምታርፍ አንዲት ቦርድ ነው። 60 ጨዋታ በአንድ ላይ የምትይዘዋ ርካሽ ቦርድ ናት። ሻጩ ሌሎቹን 59 ደብቆ ዶንኪ ኮንግን ብቻ ትቷል። ለካ ስውሩ ነገር ይሄ ኖሯል።

ተመሳሳይ ወሬ ሞርታል ኮምባት በሚባለው የድብድብ ጨዋታም ይነገራል። በመጀመሪያው ጨዋታ ኤርማክ የሚባል ስውር ገጸ ባሕርይ እከፍትልሃለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ጥላችሁት ሂዱ። ስሙ የመጣው ከማሽኑ የቁጥጥር ዝርዝር ነው፤ የፕሮግራም ስህተት መቁጠሪያ ነበር። ሰዉ ገጸ ባሕርይ መስሎት ስላወራ አምራቾቹ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ተከታይ ጨዋታ ላይ በእውነት ጨመሩት። የመጀመሪያው ላይ ግን የለም። እዚያ የእውነት ያለው ስውር ገጸ ባሕርይ ሬፕታይል ነው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ አምስት ሳንቲም አትከፍሉም።

ከመክፈላችሁ በፊት የኋላው ክዳን ተፈቶ የቦርዱን ፎቶ ላክልኝ በሉ። ቀብድም ቢሆን ፎቶውን ሳታዩ አትስጡ። «ከተከፈተ ዋስትናው ይበላሻል» የሚል ሰበብ ለ40 ዓመት ማሽን አይሠራም።

ሻጩ ስልክ አያነሳም። ማሽኑ ቤዝመንት ተቀምጧል፤ ልጆቹ ጋላጋ ይጫወቱበታል።