የ60ኛ ዓመት ልደት በአሮጌ ትልቅ ሆቴል፦ አስዋን፣ ናይሮቢ ወይስ ጣይቱ? ከወሎ ለሚነሳ ቤተሰብ ንጽጽር

በአንድ አሮጌ ትልቅ ሆቴል ግቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ሆቴል አለ፤ ነባሩ ሕንፃና ከዓመታት በኋላ የተቀጠለው። ፎቶው ላይ የሚያምረው ነባሩ ነው፤ በቅናሽ የተያዘው ክፍል ግን ቅጥያው ውስጥ ሆኖ ይገኛል። እናት ወይም አባት 60 ዓመት ሊሞላቸው ሲል ልጆች አዋጥተው "አንድ ጊዜ እንኳ እናንቀባርራቸው" ካሉ፣ ከሆቴሉ ስም ቀድሞ መጠየቅ ያለበት የትኛው ክንፍ፣ የትኛው ክፍል የሚለው ነው።

እዚህ የምናነጻጽራቸው ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልዲያ ተነስቶ የሚደረስባቸውን ነው፦ አስዋን ያለው ኦልድ ካታራክት፣ ናይሮቢ ያሉት ኖርፎልክና ስታንሊ፣ አዲስ አበባ ያለው እቴጌ ጣይቱ። ሁሉንም የመዘንነው በአንድ ሰው ልክ ነው፤ ጉልበታቸው ደከም ያለ፣ ግፊት ወይም ስኳር ሊኖርባቸው የሚችል፣ ጾማቸውን ወይም ሶላታቸውን የማያጓድሉ እናት።

አስዋን፦ ኦልድ ካታራክት

እንግሊዞች ግብጽን በያዙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1899፣ በቶማስ ኩክ የጉዞ ድርጅት የተሠራ ነው። አባይ ዳር ቋጥኝ ላይ ቆሞ ኤለፋንታይን ደሴትን ፊት ለፊት ያያል። ዊንስተን ቸርችልና አጋታ ክሪስቲ አርፈውበታል። ለወሎ ሰው ግን ከእነሱ የበለጠ ልብ የሚነካ ነገር አለው፤ በሽሎ የሚገባው አባይ ነው፣ በረንዳው ሥር የሚያልፈውም ያው አባይ ነው። የወንዙን መነሻ የሚያውቁ እናት መድረሻውን ከወንበር ላይ ሆነው ሲያዩ የሚሰማቸውን ሌላ ሆቴል ሊሰጣቸው አይችልም።

ክንፎቹ ሁለት ናቸው። ፓላስ የሚባለው ነባሩ ሕንፃ ነው፤ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ቅስት ኮሪደር፣ ከባድ የእንጨት ዕቃ። ናይል የሚባለው በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተጨመረው ረጅም ፎቅ ነው፤ ክፍሎቹ ዘመናዊ ሲሆኑ በረንዳቸው ወደ ወንዙ ያያል። ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። "ፓላስ" የሚለውን ብቻ አይቶ የያዘ ሰው ወደ አትክልቱ የሚያይ ክፍል ሊደርሰው ይችላል፤ ያን ያህል ከፍሎ አባይን የሚያየው ከክፍሉ ሲወጣ ብቻ ይሆናል። የምትፈልጉት አሮጌውን ግርማ ከሆነ "ፓላስ፣ ወደ ወንዝ የሚያይ" ብላችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ። እናታችሁ አብዛኛውን ቀን ክፍላቸው ውስጥ የሚውሉ ከሆነ ግን ናይል ክንፍ ይበልጥባቸዋል፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳቸው ላይ መቀመጥ ይችላሉ።

ወቅቱ ወሳኝ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት የቀኑ አየር ደስ ይላል፣ ሌሊቱ የኮምቦልቻን ምሽት ይመስላል። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ሚሌን በቀትር ያየ ሰው ይገምተዋል። ለግፊት የሽንት መድኃኒት የሚወስዱ ሰው በዚያ ሙቀት ቶሎ ፈሳሽ ያልቅባቸዋል፤ ልደታቸው በክረምት ከሆነ አስዋንን ከነጭራሹ አታስቡት። በጎው ወቅት ደግሞ ውድ ወቅት ነው፤ በተለይ በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን ዋጋው ጣሪያ ይነካል። ከጥምቀት በኋላ ይረግባል።

ጉዞው ከሦስቱ አድካሚው ነው፤ ከአዲስ አበባ ካይሮ 4 ሰዓት ያህል በረራ፣ ከካይሮ አስዋን ደግሞ ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚያልፍ። የሌሊት ባቡርም አለ፤ ግን መንገዱ ከ12 ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ለ60 ዓመት ሰው አንመክረውም። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አስቀድሞ ከኤምባሲ መውጣት አለበት፤ ከደሴ ለሚነሳ ሰው ይህ ማለት ቢያንስ አንድ ተጨማሪ የአዲስ አበባ መንገድ ነው። ከ2 ወር በፊት ጀምሩ።

ናይሮቢ፦ ኖርፎልክ እና ስታንሊ

ናይሮቢ ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሯ የኮምቦልቻ አየር ነው። ትንፋሽም ልብም ሳይጨነቅ ይለምደዋል። በረራው 2 ሰዓት ነው፣ ኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅም (የመግቢያ ደንቡ ስለሚሻሻል ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አየር መንገዱን ጠይቁ)። እንጀራ ያማራቸው እንደሆነ የሐበሻ ምግብ ቤት በከተማዋ ሞልቷል፤ አስዋን ላይ ይህ አይታሰብም።

ኖርፎልክ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1904 ነው። ዝቅ ያለ ሕንፃ ነው፤ ክፍሎቹ አትክልት ያለበትን ግቢ ከበው ይገኛሉ። ለጉልበት ሕመምተኛ ከዚህ የሚሻል አቀማመጥ የለም፤ ምድር ቤት ክፍል ከጠየቃችሁ ቁርስ ቤት ለመድረስ ደረጃ ላያጋጥማቸው ይችላል። ስታንሊ በ1902 የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ መሀል ከተማ፣ ጩኸት ውስጥ የቆመ ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴል ነው። ካፌው መሐል በነበረው ግራር ላይ መንገደኞች ለመንገደኛ መልእክት ይሰኩ ነበር፤ "ቶርን ትሪ" (እሾሃማው ዛፍ) የሚለው የካፌው ስምም ከዛፉ ወጣ። ጃሚዓ መስጊድ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ስለሆነ ጁምዓ ለማያመልጣቸው አባት ስታንሊ ይመረጣል። ወደ መንገድ የሚያይ ክፍል ግን አትቀበሉ፤ ከፍ ያለ ፎቅና የጀርባ ክፍል ጠይቁ።

ስለ ኖርፎልክ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1922 ሃሪ ቱኩ የተባለው የኬንያውያን መብት ተሟጋች ታስሮ ሳለ ሕዝቡ ይፈታልን ብሎ ፖሊስ ጣቢያው ፊት ተሰበሰበ። ፖሊስ ተኮሰ፤ በኖርፎልክ በረንዳ ላይ የነበሩ ነጭ ሰፋሪዎችም አብረው ተኮሱ። ከ20 በላይ ሰው አለቀ። ሆቴሉ ያለበት መንገድ ዛሬ በሃሪ ቱኩ ስም ይጠራል። ያን በረንዳ ሻይ የሚጠጣበት ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ የጣሊያንን ወረራ ወላጆቹ ያወሩለት የደሴ አባት ደግሞ ሲነገረው ይገባዋል። በዚህ ምክንያት አንገባም የሚል ቤተሰብ ካለ አክብሩት፤ ስታንሊ አለ።

ጣይቱ

ኖርፎልክ በተከፈተበት ዘመን አካባቢ አዲስ አበባም የራሷን ሆቴል ከፈተች። ያስገነቡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ ስለዚህ በዘመን እኩያ ይሁን እንጂ የቅኝ ገዢ ሆቴል አይደለም፣ የአገር ባለቤት የሠራው ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. የደረሰው ቃጠሎ ከፊሉን ጎድቶታል። የእንጨቱ ወለልና ሰፊው ደረጃ ክብር አላቸው፤ ቅንጦት ግን የለም። መታጠቢያ የሌላቸው ክፍሎች አሉት፣ ደረጃውም ለጉልበት ከባድ ነው። ፍርዳችን ቁርጥ ያለ ነው፤ ለምሳ ሂዱበት፣ ታሪኩን ለእናታችሁ ንገሯቸው፣ አዳር ግን አሳንሰርና ሙቅ ውሃ የማያጓድል ሌላ ቦታ ያዙ።

ከአገር አልወጣም ላሉ ወላጅ ላሊበላ አለ። ሰባት ወይራ ሆቴል ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቆየ ግቢ ነው፣ ሮሃ ሆቴልም ነባር ነው። ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሚያስወርደው የድንጋይ ደረጃ ያዳልጣል፤ ምርኩዝና ወፍራም ካልሲ ያዙ፣ መንገዱ እንዴት እንደዋለ ሳታጣሩም አትነሱ።

ገንዘቡ

የሚታየው ዋጋ አጠገቡ ሁለት የመደመር ምልክት ካለው ገና አላለቀም፤ የአገልግሎት ክፍያና ግብር ይጨመርበታል። ግብጽ ላይ አገልግሎቱ 12 በመቶ ነው፣ በዚያ ድምር ላይ 14 በመቶ ቫት ይታሰባል፤ 100 ዶላር የተባለው ወደ 128 ይጠጋል። ኬንያ ላይ ቫቱ 16 በመቶ ሲሆን 2 በመቶ የቱሪዝም መዋጮ አለ። አዲስ አበባ ላይ 10 በመቶ አገልግሎት፣ ከዚያ 15 በመቶ ቫት፤ 100 ብር 126 ብር ከ50 ይሆናል። "ሁሉን አጠቃሎ ስንት?" ብላችሁ መልሱን በኢሜይል አስቀሩ።

ሆቴሉ ሲገባ ካርድ ይጠይቃል፤ ከክፍሉ ዋጋ በላይ መያዣ ይዞ የሚለቀው ከቀናት በኋላ ነው። አስቀድሞ ገንዘብ በተሞላ ካርድ ከሆነ ያ ገንዘብ እስኪለቀቅ ድረስ አይገኝም፤ ለኬኩ የተቀመጠው ብር በመያዣ ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ ለመያዣ የሚሆን ካርድና ለወጪ የሚሆን ጥሬ ዶላር ለየብቻ ያዙ። ባንክ የመንገደኛ ምንዛሬ ሲሰጥ ፓስፖርትና ቲኬት ያያል፤ ቪዛ ለሚጠየቅበት አገር ቪዛውንም ያያል።

በቅናሽ የሚሸጠውን "የማይመለስ" ክፍያ ተዉት። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ኮምቦልቻ ላይ ጭጋግ በረራ ያስቀራል፣ ሐረጎም በመኪና ለሚወርድ አስቸጋሪ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድሩ፤ የአገር ውስጡንና የውጭውን በረራ በአንድ ቀን አታገናኙ።

ቀኑና ሰዓቱ

ብዙ ችግር የሚመጣው ከዘመን አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ ጥር 12 ቀን 1958 ዓ.ም. የተወለዱ እናት በፈረንጆቹ ጥር 20 ቀን 1966 ነው። ፓስፖርታቸው ላይ ግን ሌላ ቀን ሊኖር ይችላል፤ "በሚካኤል ሰሞን" ተብሎ የተነገረ ልደት ቢሮ ሲደርስ የተገመተ ቀን ይጻፍለታል። ሆቴሉ የልደት ስጦታውን የሚያዘጋጀው በፓስፖርቱ ቀን ስለሆነ የምታከብሩበትን ቀን ራሳችሁ ቀድማችሁ አሳውቁ።

ሰዓቱም እንዲሁ። የመግቢያ ሰዓት 14:00 ማለት በእኛ 8 ሰዓት ነው። ቲኬት ላይ "ጥር 20፣ 00:30" ካለ ደግሞ አየር ማረፊያ የምትገኙት በ19ኛው ቀን ማታ 3 ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ብዙ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ለሁለቱም አገር ያስፈልጋል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። 60 ዓመት ለሞላውና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ግን ክትባቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሐኪም ሳያያቸው አይከተቡ። ሐኪሙ ከከለከለ የመከልከያ ደብዳቤ ይጻፍላችሁ፣ አገሩ ይቀበለው እንደሆነም ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አጣሩ።

ክፍሉን ስትይዙ

ሦስት ጥያቄ በጽሑፍ ላኩ። ሻወሩ ባኞው ውስጥ ነው ወይስ መሬት ላይ? አሮጌ ባኞ ጠርዙ ከፍ ያለ ነው፤ ሰው የሚወድቀው ሲገባ ሳይሆን እርጥብ እግሩን አንስቶ ሲወጣ ነው። አልጋው አንድ ትልቅ ነው ወይስ ሁለት ነጠላ? እናትና ልጅ አብረው ካደሩ ሁለት ነጠላ ይሻላል። በዚያ ሳምንት እድሳት ወይም ሠርግ አለ? አሮጌ የእንጨት ወለል የላይኛውን ሰው እርምጃ አንድ በአንድ ያሰማል።

ኬኩና ቡናው

ኬኩን ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት እዘዙ፤ 1 ኪሎ ለ8 ሰው ይበቃል። የጾም ከሆነ "ጾም" የሚለው አይገባቸውም፤ "ቪጋን፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት" በሉ፣ ዓሣም እንደማይበሉ ለይታችሁ ጻፉ። ሀላል ለሚፈልግ ግብጽ ላይ ሥጋው አያሳስብም፤ የኬኩ ክሬም አልኮል እንዳይኖርበት ግን በሁለቱም አገር ጠይቁ።

"እንኳን አደረሰሽ እማዬ" የሚለውን በኢሜይል በፊደል ብትልኩት ወጥ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊታይ ይችላል። በወረቀት ላይ በትልቁ ጻፉት፣ ፎቶ አንሱትና ፎቶውን ላኩ። ኬክ ሠሪው ፊደሉን እንደ ሥዕል ስለሚገለብጠው የ"እ"ን እግር ያስቀራል፣ "ን"ን ገልብጦ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ከመቅረቡ ከ1 ሰዓት በፊት አንድ ሰው ወጥ ቤት ገብቶ ይይ። ስሕተት ካለ በክሬም ይሸፈናል፤ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ማንም አያርመውም።

የወሎ ልደት ያለ ቡና አይሆንም። ክፍል ውስጥ ግን ፍምም ዕጣንም አታያይዙ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፣ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል። ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ወቅጣችሁ ሩብ ኪሎ ያዙ፤ ጀበናውን በነጠላ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ እንጂ ከታች በሚጫነው አታድርጉት። ከሆቴሉ የኤሌክትሪክ ምድጃና ከአትክልቱ ጥግ አንድ ጠረጴዛ ጠይቁ፤ ከ1 ቀን በፊት ከተነገራቸው ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ። ኖርፎልክ ግቢው ለዚህ የተሠራ ይመስላል። አቦሉን ለእናታችሁ፣ ቶናውን ምድጃውን ላመጣው አስተናጋጅ ቅዱ፤ በረካው ላይ ምርቃቱን እሳቸው ይጀምሩት።