ከአዳማ እስከ ቱሉ ዲምቱ በ15 ዘፈን

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ድምፅ ማጉያውን ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቲማቲም ጭኜ ከአዳማ እየወጣሁ ነው፤ ከበሮው ከጠበቅኩት ቅንጣት ዘግየት እያለ ይመታል። አንድ ሲሊንደሩ አልነሳ እንዳለው ሞተር። ረዳቴም ዓይኑን ሳይገልጥ «ጋሼ፣ ቴፑ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ። ቴፑ ደህና ነው። ሰውየው ሆን ብሎ ነው።

ሰውየው ኬይትራናዳ ይባላል፤ ሄይቲ ተወልዶ ሞንትሪያል፣ ካናዳ ያደገ የሀውስ (በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠራ የጭፈራ ሙዚቃ) አቀናባሪ። የመጀመሪያ አልበሙ «99.9%» በፈረንጆቹ 2016 ወጥቶ በዚያው ዓመት የካናዳን የፖላሪስ ሽልማት ወስዷል። የእህቴ ልጅ ነው በፍላሽ የጫነልኝ። አልበሙ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚረዝም፣ በ80 ከነዳሁ ፈጣን መንገዱን ያስጨርሰኛል።

ሀውስ ሲባል እኔ የማውቀው ከሆቴል ደጅ የሚወጣውን ዱም ዱም ነበር። እዚህ ራፕም፣ ጃዝም፣ ሶልም አንድ ላይ ተጭኗል። እንግሊዛዊው ክሬግ ዴቪድ ያዜማል፣ አሜሪካዊው አንደርሰን ፓክ ይቀበላል፤ ያ የሚዘገይ ከበሮ ግን አይለቃቸውም።

ሞጆን ሳልፍ «ዌይት ኦፍ» ይደርሳል። ባድባድኖትጉድ ከተባሉት የቶሮንቶ ልጆች ጋር የሠራው ነው፤ ዘፋኝ የለውም፣ ቤዙ ወንበሬን ከሥር ይገፋዋል። በአልበሙ ብዙ ቦታ ጆሮ ሰጥቶ ለሰማ፣ ከበሮው በመታ ቁጥር ሌላው ድምፅ ዝቅ ብሎ መንገድ ይለቅለታል፤ ወዲያው ተመልሶ ይሞላል። ሙሉ ጭነት የያዘ አይሱዙ ጉብታ ሲያልፍ ወርዶ እንደሚነሳው።

ሁሉም አልጣመኝም። የቪክ ሜንሳን ራፕ አሳልፈዋለሁ፤ ለዚያ ሰዓት ጩኸት ይበዛዋል። የክሬግ ዴቪድም ለስልሶ ለስልሶ እንቅልፍ ይጠራብኛል፤ ለሾፌር ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም።

13ኛው «ላይት ስፖትስ» ግን ዱከም አካባቢ ይደርስና ያነቃኛል። ብራዚላዊቷ ጋል ኮስታ በፈረንጆቹ 1973 የዘፈነችውን ቆራርጦ፣ ድምፅዋን እያስረዘመና እያሳጠረ መልሶ ሰፍቶታል። ቋንቋው ፖርቱጋልኛ ነው፤ አንድ ቃል አልገባኝም፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ረዳቴ እዚህ ሲደርስ ሳልቀሰቅሰው ይነሳል። ግጥሙን ራሱ ሞልቶታል፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ እያለ እስከ ክፍያ ጣቢያው አብሯት ይዘፍናል።