ናሙናው ሌላ፣ ግድግዳው ሌላ፦ የግቢ ሳውና ልትገዙ ላሰባችሁ

ይህን የምጽፈው ገና እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ከአርባ ቀን በፊት በግቢያችን የተተከለው ሳውና፣ ማለትም ሰው ገብቶ የሚሞቅበትና የሚያልብበት የጣውላ ክፍል፣ ትናንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው በካቻቢቴ ተፈታ። ከውስጡ ምን እንደወጣ ልንገራችሁ። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ቀብድ ለመክፈል የተዘጋጀ ሰው ካለ፣ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት እስከ መጨረሻው ያንብበኝ።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ስማቸውን ባልጠራ ዓይነታቸውን ታውቃላችሁ። ዋና መንገድ ዳር፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ማሳያ ክፍል፣ በሩ ላይ ሸሚዙን የተኮሰ ወጣት፣ ሳይጠየቅ የሚመጣ ቡና። ዋጋ ስትጠይቁ «ዋጋው አያሳስብዎት፣ መጀመሪያ ዕቃውን ይዩ» ይሏችኋል። ካያችሁ በኋላ ደግሞ ዋጋው ለዚህ ሳምንት ብቻ ይሆናል። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዕቃ በየወሩ እየጨመረ ነው፣ የሚቀጥለው ጭነት በዚህ ዋጋ አይገባም ይባላል። ግማሹን ቀብድ ትከፍላላችሁ። ከዚያ ዕቃው ጅቡቲ ነው፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው፣ ጉምሩክ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሶፋ ስገዛም፣ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ሳሠራም አልፌበታለሁ። እያወቅሁ ገባሁበት።

ሳውናው ለእናቴ ነበር። እናቴ ተወልዳ ያደገችው ወሎ ነው። ልጆች እያለን፣ አራስ በሆነች ቁጥር ወይም ወገቧን ባመማት ጊዜ፣ ጓዳ ውስጥ በተቆፈረች ትንሽ ጉድጓድ ፍም ይደረግና የወይባ እንጨት ይጨመርበታል። እርሷ ከላይ ተቀምጣ፣ ጋቢ ተከናንባ ትታጠናለች። ስትወጣ ቆዳዋ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ላቧ ከግንባሯ የሚንጠባጠብ፣ ፊቷ የተፈታ ሆና ነበር የምትወጣው። አሁን 73 ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ይይዛታል፤ ጭሱን ደግሞ ደረቷ አይችለውም። ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ ከሥራ ስትወጣ የምትሞቅበት ሳውና አለ። «ጭስ የለውም፣ ሙቀቱ ብቻ ነው፤ ለእማዬ ግቢ ውስጥ እናስተክልላት» ያለችው እርሷ ናት። ገንዘቡም የእርሷ ነው፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሌሊት ሌሊት ሠርታ ያጠራቀመችው። የጠፋው የእኔ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዋጥ አድርጌው እቀር ነበር።

ሳላጠናም አልገዛሁም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የክፍሉን ስፋት ለክቼ ነበር። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.80፣ ቁመቱ 2.10፤ ሲባዛ ሰባት ተኩል ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ለአንድ ሜትር ኩብ አንድ ኪሎ ዋት ያህል ስለሚታሰብ 8 ኪሎ ዋት ማሞቂያ እንደሚያስፈልግ አውቄያለሁ። ይህ በ220 ቮልት 36 አምፔር ያህል ስለሚስብ ከተራ ሶኬት እንደማይሠራም ገብቶኝ፣ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር በራሴ ባለሙያ ከቆጣሪው አስዘርግቻለሁ። የግድግዳውንም አሠራር አውቅ ነበር። ከውስጥ ጣውላ፣ ከኋላው ትንሽ የአየር ክፍተት፣ ከዚያ እንፋሎት የማያሳልፍ የአሉሚኒየም ፎይል፣ ከዚያ ሙቀት የሚያምቀው የድንጋይ ሱፍ፣ ማለትም ከቀለጠ ድንጋይ የተሠራ ሱፍ መሳይ ነገር። ወጣቱን በቀጥታ ጠየቅሁት፦ «ግድግዳው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

ጥያቄውን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር። ከጠረጴዛው ሥር የመጽሐፍ ያህል ስፋት ያለው፣ በመጋዝ የተቆረጠ የግድግዳ ናሙና አወጣ። አራቱም ነገር በየተራው ይታያል። ሱፉ ግራጫ ነው፤ በጣቴ ነካሁት፣ ይቆረቁራል። ፎይሉ ያብረቀርቃል። ከዚያ ከኪሱ ላይተር አውጥቶ ነበልባሉን ሱፉ ላይ ያዘው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እስከ ሃያ ድረስ ቆጠረ። ሱፉ ትንሽ ጠቆረ እንጂ አልነደደም። «አዩ እህቴ፣ እሳት አይነካውም። ለእናትዎ ነው ብለውኛል፤ እኔም እናት አለኝ» አለኝ። ከዚያ ስለ ፊንላንድ ነገረኝ። 5.5 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሳውና እንዳለ፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2020 የሳውና ባህላቸውን በማይዳሰስ ቅርስነት እንደመዘገበው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ቤቴ ገብቼ አረጋግጬዋለሁ። እውነቱን ተናግሮ ስላገኘሁት የቀረውንም አመንኩት።

ዋጋው 720,000 ብር ነበር። «ደረሰኝ ከፈለጉ ቫቱ ይጨመራል፣ 828,000 ይሆናል» አለኝ። 108,000 ብር! ለእህቴ አዘንኩ። የእርሷን ገንዘብ የቆጠብኩላት መስሎኝ ያለ ደረሰኝ ተስማማሁ። የተሰጠኝ ወረቀት በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው፦ «ባለ 4 ሰው የግቢ ሳውና፣ ሙሉ፣ ቀብድ 360,000 ተቀብለናል።» ማህተም የለውም። ስለ ግድግዳው አንድ ቃል አልሰፈረበትም፤ ናሙናውን በእጄ ነክቼ «የድንጋይ ሱፍ» የሚለውን ቃል አላስጻፍኩም። ይህን ሳስብ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሃያ ዓመት በሒሳብ ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። ያለ ደረሰኝ የሚከፍልን ሰው ስንቴ ገሥጫለሁ!

ዕቃው በሦስተኛው ወር መጣ። የፋሲካ ሰሞን ነበር። ሦስት ሠራተኞች በሁለት ቀን ተከሉት። እናቴ የዶሮ ወጥ አቅርባ አበላቻቸው፤ ሲሄዱ «እጃችሁ ይባረክ ልጆቼ፣ ክፉ አይንካችሁ» ብላ መረቀቻቸው። ከውጭ ሲታይ ያምራል። ጣውላው ማር የመሰለ ቀለም አለው፣ በሩ መስታወት ነው። ቀሪውን 360,000 እዚያው ቆሜ በስልኬ ወደ ባንክ ሒሳባቸው አስተላለፍኩ። እናቴ መጀመሪያ የገባች ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ወጣች፤ ፊቷ ልክ እንደ ድሮው ተፈትቶ ነበር። ለእህቴ በቪዲዮ አሳየኋት፤ አለቀሰች።

በሁለተኛው ሳምንት ማሞቂያው ላይ ተደርድረው ከሚግሉት ድንጋዮች አንዱ እንደ ጥይት ጮኾ ተሰነጠቀ። ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ ውስጡ እርጥበት ስለሚይዝ ለሳውና እንደማይሆን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። መቀመጫው ላይ የሚስማር ራስ ወጥቶ የእናቴን ጭን አቃጠላት፤ ምልክቱ አሁንም አለ። ይህን ሁሉ «ይስተካከላል» ብዬ አለፍኩት። ሽታው ግን አልለቀቀንም። የሚቃጠል ፕላስቲክ ዓይነት ሽታ ነው፤ ጉሮሮ ይቆጠቁጣል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ስደውል «አዲስ ዕቃ ሁሉ ይሸታል፣ ሲለምድ ይለቃል» አሉኝ። እናቴ ሳል ጀመራት። «እኔ ምን አልኳችሁ? ጉድጓዷን ቆፍራችሁ ወይባዬን ብታመጡልኝ ይሻለኝ ነበር» አለች፤ እኔ ግን ጊዜ ስጪው አልኳት። ከማሞቂያው በስተጀርባ ያለው ጣውላ አብጦ ከሥሩ ቡናማ የሚያጣብቅ ነገር መንጠባጠብ ሲጀምር ነው ዘግቼ መደወል የጀመርኩት። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። በአሥራ ሁለተኛው፣ መቀመጫውን ነቅዬ ማሳያ ክፍላችሁ ደንበኛ ፊት አመጣዋለሁ ስላቸው፣ ትናንት መጡ።

የመጣው ያው ወጣት ነው፤ ከእርሱ ጋር አንድ ጠና ያሉ ዕቃ ገጣሚ ነበሩ። ወጣቱ ጫማውን ሳያወልቅ ሳውናው ውስጥ ገባ፤ እናቴ በባዶ እግሯ የምትገባበት ቦታ ነው። ገጣሚው ተንበርክከው ብሎኖቹን አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ። አሥራ አራት ብሎን ቆጠርኩ። ጣውላው ሲላቀቅ ግራጫውን ሱፍ ነበር የጠበቅሁት። ነጭ ነው።

መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። ፎም ነው። ቴሌቪዥን ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኘው ነጩ፣ ሲነካ የሚንጫጫው ፎም። አዲስ የተገዛም አይደለም። አንዱ ቁራጭ ላይ የቴሌቪዥኑ ጠርዝ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቅርጽ እንዳለ አለ፤ ሌላው ላይ ሽቅብ የሚያመለክት ቀስት ታትሞበታል። የጣሉትን ማሸጊያ ለቅመው ነው የእናቴ ግድግዳ ውስጥ የጠቀጠቁት። ከማሞቂያው በስተጀርባ ደግሞ እንደ ቀለጠ ጧፍ ተጨማዶ፣ ቢጫና ቡናማ ሆኖ፣ ጣውላው ላይ ተጣብቋል። ቀልጦ የሸሸበት ቦታ ባዶ ነው። ይህ ዓይነቱ ፎም ከ80 ዲግሪ ገደማ በላይ አይችልም። በጣሪያው አጠገብ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር ደግሞ ሳውናው በሚሠራ ጊዜ 85 ያነባል። እናቴ እስክዘጋው ድረስ የተነፈሰችው ይህን ነው። አደጋው የሚተነፈሰው አየር ብቻም አይደለም፤ እሳት ቢይዝ ኖሮስ?

ወጥ ቤት ሄጄ ክብሪት አመጣሁ። ከተፈታው ፎም እጅ የምታህል ቆርሼ፣ ግቢው መካከል ሲሚንቶው ላይ አስቀምጬ፣ ወጣቱ ፊት ለኮስኩት። ሃያ ድረስ መቁጠር አላስፈለገም። ሦስት ሳልል ተሸማቀቀ፣ ተንጠባጠበ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ። «ያኔ ያሳየኸኝ ይህን ነው?» አልኩት።

ስልኩን እያየ ነበር። ቀና ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «ናሙና ናሙና ነው። አንቺ የገዛሽው ናሙናውን አይደለም።»

አንቺ። ቡና ያቀረበልኝ ቀን «እርስዎ» ነበርኩ። «እህቴ» ነበርኩ። ገንዘቡ እጃቸው ከገባ በኋላ፣ በገዛ ግቢዬ፣ በእናቴ ፊት «አንቺ» ሆንኩ። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሰምታለች። «ልጄ፣ ታላቅህን ነው አንቺ የምትላት?» አለችው ቀስ ብላ። ዞር ብሎ እንኳን አላያትም። እኔ እንዲስተካከልልኝ ወይም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ደረሰኝ አለሽ?»

እንደሌለኝ ያውቃል። ደረሰኝ እንዳልወስድ ያደረገኝ ራሱ ነው።

ገጣሚው ካቻቢቴያቸውን እየሰበሰቡ፣ መሬት መሬት እያዩ «እኔ የሚሰጠኝን ነው የምገጥመው፣ እመቤቴ። ይቅር በሉኝ» አሉ። ከዚያ ሁለት ቤት ስም ጠርተው እዚያም እንዲሁ መሆኑን ሊነግሩኝ ሲጀምሩ ወጣቱ መኪናው ውስጥ ሆኖ ጥሩምባ ነፋባቸው። ሄዱ። ጣውላው እንደተፈታ ነው፤ መልሰው አልገጠሙትም።

ዛሬ ጠዋት ሕጉን አነበብኩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። በእጄ ያለው የባንክ ማስተላለፊያው፣ ማህተም የሌለው ወረቀት፣ ፎቶግራፎቹና በፌስታል የቋጠርኩት ፎም ነው። ሰኞ እነዚህኑ ይዤ ለአቤቱታ እሄዳለሁ።

ልትገዙ ካሰባችሁ፦ ቫቱን ክፈሉ፣ ደረሰኙን ውሰዱ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ነገር በውሉ ላይ በስሙ ይጻፍ። የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ከማሞቂያው ጀርባ አንድ ጣውላ በፊታችሁ አስፈቱ፤ አንፈታም ካሉ አትክፈሉ። አስቀድማችሁ የገዛችሁና ሽታ ያለባችሁ ደግሞ ዛሬውኑ አጥፉት፤ በተለይ ሕፃን ወይም ሽማግሌ የሚገባበት ከሆነ።

እህቴ እስካሁን አልሰማችም። ማታ በእረፍት ሰዓቷ ትደውላለች፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው «እማዬ ዛሬ ሞቀች?» ብላ ነው።