በአዘዞ መንገድ ዳር የተሠራ የጀልባ ስተርንድራይቭ፦ ስለ አንድ ጋራዥ የተጻፈ ግምገማ

ጣና ከጎንደር የሚቀርበው በጎርጎራ በኩል ሲሆን እርሱም 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ በከተማችን ያሉ ጋራዦች አይሱዙና ሚኒባስ እንጂ የጀልባ ሞተር እምብዛም አይነኩም። ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ጠባብ ጋራዥ የጀልባዬን ስተርንድራይቭ አድሶ መልሶ የገጠመበትን ሥራ በዝርዝር ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ስተርንድራይቭ ማለት ሞተሩ ጀልባው ውስጥ ተቀምጦ፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ክፍል ግን ከጀልባው ኋላ በውጭ በኩል የሚንጠለጠልበት አሠራር ነው። ኃይሉ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያልፈው ከውሃ ወለል በታች በተከፈተ ቀዳዳ ሲሆን፣ በዚያ ቀዳዳና በሐይቁ መካከል ያለው እንደ ቀሚስ የተሸነሸነ አንድ ጎማ ብቻ ነው። ጎማው ቢቀደድ ውሃው መጀመሪያ ክሮቸራውን (የዘንጉን ተጣጣፊ መጋጠሚያ)ና ኩሽኔታውን (ዘንጉ የሚዞርበትን ተሸካሚ) ያዝጋል፤ ዝም ከተባለም ጀልባውን እስከ ማስጠም ይደርሳል።

መርክሩዘር አልፋ ዋን የተባለው የእኔ ስተርንድራይቭ ቀደም ሲል ሌላ ቦታ፣ ስሙን መጥራት በማልፈልገው ባለሙያ እጅ ተገጥሞ ነበር። ያ ባለሙያ አሮጌውን ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ሳይለውጥ ዙሪያውን በሲሊኮን ለስኖ አስረከበኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ የማርሹን ዘይት ሳወርድ፣ የወረደው ወተት የገባበት ቡና ይመስል ነበር፤ ይህም ውሃ ከዘይቱ ጋር ለመቀላቀሉ የማያሻማ ምልክት ነው።

የአዘዞዎቹ ሥራ የተለየው ከፍታቱ ጀምሮ ነው። አለቃው ፕሮፔለሩን አውጥተው ከኋላው በዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ መረብ ክር በመቆንጠጫ እየሳቡ አሳዩኝ፤ ፀጉር የመሰለው ቀጭን ናይለን የፓራኦሊዮውን፣ ማለትም ዘንጉ ላይ ዘይትና ውሃ እንዳይተላለፉ የሚይዘውን ማሸጊያ፣ ከንፈር በልቶት ነበር። የጣና ውሃ ጨው ስለሌለው ብረት ቶሎ አይበላም ብለን የምንዘናጋ ጀልባ ያለን ሰዎች፣ መረቡንና እንቦጩን ብዙ ጊዜ እንረሳለን። ቀጥለውም የተበላውን ፓራኦሊዮና ኦሪንጎቹን (የቀለበት ማሸጊያ ጎማዎቹን) በሙሉ ለውጠው፣ ማርሽ ቤቱን በአየር ከሞሉ በኋላ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀብተው ፈተሹ። አረፋው አንድ ቦታ ላይ ስለተነፋ ያንኑ ክፍል ፈትተው እንደገና ሠሩት፤ ለዚህም ተጨማሪ ሒሳብ አልጠየቁኝም።

ገጠማው የተካሄደው ጎርጎራ ላይ፣ ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ነው። ግማሽ ቀን ያህል የፈጀው የድሮውን ሲሊኮን የመጋጠሚያውን ፊት ሳይቧጭሩ ማንሣት ነበር። እኔ ትዕግሥት አጥቼ «ትንሽ ሲሊኮን ቢጨመርበት ምን ይጎዳል?» ብል፣ አለቃው ቀና ሳይሉ «ጋሼ፣ ፊቱ ካልጠራ ሲሊኮኑ የሚይዘው ቆሻሻውን ነው፤ ተጨፍልቆ የወጣው ደግሞ የማቀዝቀዣውን ውሃ መንገድ ይዘጋብዎታል» አሉኝ። ማጣበቂያ የተጠቀሙት ለሽንሽኑ ጎማ ብቻ፣ ያውም ለእርሱ የተሠራውን ነው፤ የጎማውን ማሰሪያ ያጠበቁትም ጎማው በቦታው መቀመጡን በጣታቸው ዙሪያውን ከዳሰሱ በኋላ ነው።

ሞተሩና ስተርንድራይቩ አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን የለኩት በቶርኖ ባስቀረጹት ዘንግ ነው። ዘንጉ በኩሽኔታው አልፎ ሞተሩ ላይ ካለው መጋጠሚያ ያለ ግፊት መግባት ሲኖርበት መጀመሪያ ስለተያዘ፣ የሞተሩን የፊት እግሮች ከፍ ዝቅ እያደረጉ አስተካከሉት። በእርግጥ እንዲህ ላለው ልኬት የአምራቹን ዘንግ ብመርጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን በዘንጉ ጫፍ በተቀባው ግራሶ ላይ የታተመው የመጋጠሚያው ጥርሶች ምልክት ዙሪያውን እኩል መሆኑን በዓይኔ ስላየሁ ተቀበልኩት። ከዚያ በኋላ የዘንጉን ጥርሶች ግራሶ፣ ኦሪንጎቹን ዘይት ቀብተው፣ አዲሱን ጓርኒሲዮንና የውሃ መተላለፊያውን ማሸጊያ በቦታቸው አስገብተው፣ ስድስቱን ዳዶዎች በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) በ68 ኒውተን ሜትር አጠበቁ። ዘይቱንም ከታች ባለው ቀዳዳ እየገፉ ከላይ እስኪፈስ ሞሉት፤ ከላይ ቢሞላ አየር ታፍኖ ዘይቱ ጎድሎ ሳለ የሞላ ይመስላል።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ጎማውና ጓርኒሲዮኑ ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ሦስት ሳምንት ጠብቄያለሁ፤ ይህን ግን ጀልባው ከመፈታቱ በፊት ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። ሁለተኛው፣ የተለወጡትን ዕቃዎች የሚዘረዝር ጽሑፍ ስጡኝ ብላቸው ያገኘሁት ጠቅላላ ዋጋ ብቻ የተጻፈበት ደረሰኝ ነው። ዋጋው ራሱ ለሥራው የሚከብድ አልነበረም።

ጀልባው ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ መሪው እስከ ዳር ድረስ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ተዞሮ፣ ስተርንድራይቩም ወደ ላይና ወደ ታች ተሞክሮ፣ ከወለሉ ሥር የገባ ውሃ አልተገኘም። ከሁለት ወር በኋላ ትንሽ ዘይት አውርጄ አየሁ፤ እንደገባው ጥርት ብሎ ወጣ። ያልጻፉልኝን የዕቃዎች ዝርዝር ከነቀኑ በሞተሩ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀለም ጽፌዋለሁ።