ለቡሽ ፕሌን ውድድር የትኛው ሲሙሌተር ይሻላል?

ቡሽ ፕሌን አስፋልት የማይፈልግ ትንሽ አውሮፕላን ነው። ጎማው ትልቅ ነው፤ ሣር ላይም ሆነ የወንዝ ዳር ጠጠር ላይ ያርፋል። በሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን በኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም፣ በሚደረገው የኦንላይን ውድድር ተወዳዳሪው ከአንዱ አስቸጋሪ ሜዳ ወደ ሌላው ይበራል፣ አርፎ ይቆማል፣ ተነስቶ ይቀጥላል። ሰዓት ይያዝበታል። አየር ላይ ሁሉም ተቀራራቢ ስለሆነ ልዩነቱ የሚመጣው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ምስሉ ውበት ሳይሆን ጎማው መሬት ሲነካ ምን እንደሚሆን ጠይቁ።

በዚህ በኩል እኔ ለኤክስ ፕሌን 12 አደላለሁ። ሲሙሌተሩ ክንፉንና ፕሮፔለሩን ቆራርጦ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ያለውን ኃይል ያሰላል። ፓይፐር ሱፐር ከብ የሚባለው ቡሽ ፕሌን አብሮት ስለሚመጣ ሌላ አውሮፕላን መግዛት አያስፈልግም። ጭራ ጎማ ስላለው (ሦስተኛው ጎማ ከጭራው ሥር ነው) ቀልድ አያውቅም፦ ራደሩን፣ ማለትም አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን የጭራ መሪ፣ ከረሳችሁ ዞሮ ይጠመዘዛል፣ ፍሬን ካበዛችሁ በአፍንጫው ይደፋል። በማክና በሊኑክስም ይሠራል፤ ነፃ መሞከሪያም አለው።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መልክዓ ምድሩ እንዳለ ሲመጣ ደረቅ ነው። ወንዙ አለ፣ ጠጠሩ ግን ላይኖር ይችላል። የሳተላይት ፎቶ ለብቻ ልትጭኑ ትችላላችሁ፤ ዲስካችሁን ግን ይበላዋል። ሁለተኛ፣ ተጫዋቾች ሁሉ የሚገናኙበት አንድ የራሱ ዓለም የለውም። ቡድናችሁ በየትኛው ኔትወርክ ወይም ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) እንደሚገናኝ አስቀድሞ መስማማት አለበት።

የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር በተቃራኒው እዚህ ላይ ነው የሚበረታው። ምድሩ ከሳተላይት ፎቶ የተሠራ ስለሆነ አላስካ ውስጥ የወንዝ ዳር መርጣችሁ ማረፍ ትችላላችሁ። (አንዳንዴ ፎቶው ላይ ጠጠር የሚመስለው ለጌሙ ውሃ ሆኖ ይገኛል። የውድድሩን መስመር የሚያወጣው ሰው ቀድሞ አርፎ ይፈትሸው።) ጓደኞቻችሁን ቡድን ውስጥ ጠርታችሁ ወዲያው አብሮ መብረር ይቻላል፤ ኤክስቦክስ ያለውም ይገባል። በቀጥታ የሚመጣውን የአየር ሁኔታ ግን ለውድድር አጥፉት። ንፋሱ ከተቀያየረ የዛሬው ሰዓት ከነገው ጋር አይወዳደርም።

ከማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር ስሪቶች የ2020ው ነው ወይስ የ2024ቱ? እዚህ ላይ የሚወስነው ኢንተርኔታችሁ ነው። የ2020ው 150 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይጠይቃል፤ ለኢንተርኔት የሚመከረው 20 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። የ2024ቱ 50 ጊጋባይት ይበቃዋል፤ የቀረውን ግን እየበረራችሁ ከኢንተርኔት ይስባል። ዝቅተኛው 10፣ የሚመከረው 50 ሜጋቢት ነው። መስመራችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ልታርፉ ስትሉ መሬቱ ጭቃ የመሰለ ምስል ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ያኔ የ2020ው ይሻላችኋል። መስመሩ ጥሩ ከሆነ 2024 ይሁን። የመሬት ላይ ባህሪው በግልጽ ተሻሽሏል። በ2020ው ላይ ጭራ ጎማ ያላቸው አውሮፕላኖች በረዶ ላይ ያሉ ያህል ይንሸራተቱብኛል።

የ2020ውን ከመረጣችሁ ለውድድር ብላችሁ ውዱን እትም አትግዙ። ሳቬጅ ከብና ኤክስከብ የሚባሉት ቡሽ ፕሌኖች በተራው እትም ውስጥ አሉ። ውዱ እትም ፕሪሚየም ዴሉክስ የሚጨምርላችሁ ቡሽ ፕሌን ሾክ አልትራ ነው፤ ለእሱ ብቻ ያን ያህል መክፈል አይዋጥልኝም።

ፍላይትጊር የሚባለው ሲሙሌተርስ? ነፃ ነው፣ ኦንላይን መገናኛም አብሮት አለ፣ ሴስና 172ቱ ላይ ትልልቅ የቡሽ ጎማ መግጠም ይቻላል። መልኩ ግን ያረጀ ነው። ስፖርቱ ይስማማኝ እንደሆነ ልየው ለሚል ሰው ከበቂ በላይ ነው።

ለመሞከር ኔቫዳ ውስጥ የተለመደውን ስቶል ድራግ የሚባለውን ውድድር ቅዱ። 2,000 ጫማ ያህል ቀጥ ብሎ መብረር፣ ማረፍ፣ ሙሉ በሙሉ መቆም፣ ዞሮ ተነስቶ መመለስ፤ መነሻው ላይም አርፎ መቆም ነው። አንድ ሜዳ ይበቃል፤ የሲሙሌተሩም የእናንተም ድክመት ቶሎ ይወጣል።

መሪ ልግዛ ወይስ ጆይስቲክ ለምትሉ፣ ጆይስቲክ ግዙ፤ ከብ ራሱ የሚነዳው በዱላ ነው። ብር ከተረፋችሁ ደግሞ ተጨማሪ አውሮፕላን ከመግዛት በፊት ግራና ቀኝ ፍሬኑ የተለያየ ራደር ፔዳል ይቅደም። በጠባብ ሜዳ ላይ ቶሎ ዞራችሁ ለመነሳት የአንዱን ጎማ ፍሬን ብቻ መያዝ ያስፈልጋችኋል፤ ጆይስቲኩን በመጠምዘዝ ብቻ ያን ማድረግ አይቻልም።