«በሽታ የማትይዛት ጊደር» እየተባለ የሚሸጥላችሁን ነገር ተጠንቀቁ

እርጉዝ ጊደር ስታፈላልጉ «የውጭ ኮርማ ልጅ ናት፣ በሽታ አይነካትም» ብሎ ከገበያው ዋጋ በላይ የሚጠራ ደላላ ከገጠማችሁ ውል ሳታጽፉ ቀብድ አትክፈሉ።

ወሬው ከባዶ የተነሣ ስላልሆነ ያሳምናል። በካናዳው ጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ምርምር፣ የላም በሽታ የመከላከል አቅም በከፊል ከወላጅ እንደሚወረስ ታውቆ በዚያ መለኪያ የተመረጡ ኮርሞች አባለዘር ለገበያ ቀርቧል። ጥጃዋ ግን ከአባቷ የምትወስደው ግማሹን ብቻ ነው። የጡት በሽታን የመቋቋም ጠባይ ደግሞ በውርስ የሚተላለፈው ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው፤ የቀረውን የሚወስኑት በረቱ፣ መኖውና የአላቢው እጅ ናቸው። «ደሟ 87.5 በመቶ ሆልስታይን (የውጭ የወተት ዝርያ) ነው፣ እንደ ቦረናም ጠንካራ ናት» ካሏችሁማ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ የሆልስታይን ደም ሲበዛ ለከብት ቲቢና ለመዥገር ወለድ በሽታ ያላት ተጋላጭነት ይጨምራል።

የአዳቃዩን ካርድ አምጡ በሉ። በአባለዘሩ ስትሮ (አባለዘሩ ያለበት ቀጭን ቱቦ) ላይ የታተመው የኮርማ ቁጥርና የተዳቀለችበት ቀን ካርዱ ላይ ከሌለ፣ «የውጭ ኮርማ» የሚሉት የደላላ አፍ ነው።

ደላላው ብዙ ጊዜ «ተመርምራለች» ብሎ የቲቢ ወረቀት ያሳያል። ቀኑን እዩ። ከብት በቱበርክሊን (ቆዳ ውስጥ በሚወጋ የቲቢ መመርመሪያ) ከተመረመረች በኋላ 42 ቀን ሳይሞላ ብትደገም፣ ቆዳዋ ምላሽ መስጠት ሊያቆም ስለሚችል የታመመችዋም «ነጻ» ልትባል ትችላለች። በቅርቡ የወለደችም እንዲሁ። እናንተ የመረጣችሁት የእንስሳት ሐኪም ይመርምራት፦ አንገቷ ላይ ሁለት ቦታ ተላጭቶ፣ የቆዳው ውፍረት በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ተለክቶ፣ ከወፍና ከከብት ቲቢ ተሕዋስ የተሠሩት ሁለቱ ቱበርክሊኖች ለየብቻ ይወጋሉ። ከ72 ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካል። የከብቱ እብጠት ከወፉ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከበለጠ ታማለች፤ እጅ ዳስሶ «ምንም የለባትም» ማለት ንባብ አይደለም። በዚያው ቀን ለውርጃ በሽታ ደም ይወሰድ።

የምትታለብ ላም ከሆነች ደግሞ ከየጡቱ የመጀመሪያውን ወተት ደፍታችሁ፣ 2 ሚሊ ሊትር ያህል ከእኩል መጠን የማስቲታይትስ (የጡት በሽታ) መመርመሪያ ፈሳሽ ጋር በሳህን አዙሩት። እንደ እንቁላል ነጭ ከረጋ ጡቷ ታሟል፣ ምንም ያህል ያበጠና የሞላ ቢመስል። (ለገበያ ቀን ሳትታለብ ያደረች ላም ጡቷ ሁልጊዜ ያምራል።)

ውሉ ላይ ቀሪው ክፍያ ከ72 ሰዓቱ ንባብ በኋላ እንደሚፈጸም፣ ከታመመች ቀብዱ እንደሚመለስ አጽፉ። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ጊደሯን እዚያው ተዉለት።