ፍሪፌም በአሮጌ ላፕቶፕ፣ ከደሴ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። መፍትሔው አንድ ቦታ ላይ ሹል ሆኖ የሚወጣ ኢኩዌሽን የምታሰሉ ከሆነ ፍሪፌም የሚባለውን የኢኩዌሽን መፍቻ ፕሮግራም ጫኑት። ነፃ ነው። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሠራል። ፓሪስ ውስጥ ፍሬደሪክ ሄክትና ባልደረቦቹ የሠሩት ነው። እኔ የምጠቀመው ባለ 4 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ላይ ነው፣ እዚህ ጦሳ ተራራ ሥር፣ መብራት ሄደ መጣ እያለ።

ጉዳዩ የማስተርስ ጥናቴ ነው። ሁለት እርስ በርስ የተያያዙ ኢኩዌሽኖች አሉ። ዴሪቫቲቮቹ ኤፕሲሎን በምትባል ትንሽ ቁጥር ስኩዌር ይባዛሉ፣ ኤፕሲሎን ደግሞ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። ያኔ መፍትሔው ሜዳው ላይ፣ ማለትም ኢኩዌሽኑ በሚፈታበት ቦታ ላይ፣ አይበተንም፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ዜሮ ሊባል ምንም አይቀረውም፣ አንድ ነጥብ ዙሪያ ብቻ ይከማቻል። የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ሰው ይገባዋል። ዋናው ጥያቄም ገበያው፣ ማለትም ሹሉ፣ የት ይቆማል ነው። ጠርዙ ላይ ዜሮ ይሁን ካልን፣ ነጠላው ኢኩዌሽን ከጠርዙ በጣም የራቀውን ነጥብ ይመርጣል፤ ይህን የሒሳብ ተመራማሪዎቹ ኒ እና ዌይ እ.ኤ.አ. በ1995 አሳይተዋል። ኢኩዌሽኖቹ ሁለት ሲሆኑ ደግሞ እርስ በርስ በሚያያይዛቸው ቁጥር፣ በቤታ፣ ይወሰናል። ሊን እና ዌይ እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት ቤታ ፖዘቲቭ ከሆነ ሁለቱ ሹሎች ይሳሳባሉ፣ አብረው መሃል ይገባሉ። ኔጋቲቭ ከሆነ ይገፋፋሉ፣ ቦታውን ተከፋፍለው ይቀመጣሉ።

አሁን ወደ ፍሪፌም። ሹሉ ስፋቱ የኤፕሲሎን ያህል ብቻ ነው። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 2 የሆነ ኤሊፕስ ላይ ኤፕሲሎንን 0.05 ብላችሁ ሹሉን በደንብ ለማየት ሜዳውን እኩል ብትከፋፍሉት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሦስት ማዕዘኖች ያስፈልጋሉ። የእኔ ላፕቶፕ ይህን አይችልም። ፍሪፌም ግን አዳፕትሜሽ የሚባል ትእዛዝ አለው። መፍትሔውን ያይና ሜሹን፣ ማለትም የሦስት ማዕዘኖቹን መረብ፣ ራሱ ያስተካክላል፣ ሹሉ ያለበት ላይ ያደቅቀዋል፣ ባዶው ሜዳ ላይ ያሰፋዋል። ጥቂት ሺህ ሦስት ማዕዘን በቃኝ። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ሳየው መስመሮቹ መሃል ላይ ተጠጋግተው ጥቁር ነጥብ ሆነዋል፣ ጠርዙ ጋ ደግሞ መዳፍ የሚያህሉ ትልልቅ ሦስት ማዕዘኖች። ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብዬ አየሁት። ቡና እየተፈላ ነበር፤ አቦል ሲቀዳ ያስጀመርኩት ስሌት ቶና ሳይደርስ አልቋል።

ሌላው የወደድኩት አጻጻፉ ነው። ወረቀት ላይ የጻፋችሁትን ኢንተግራል እንዳለ ትገለብጡታላችሁ ማለት ይቻላል። የሚጫኑ በተኖች ግን የሉትም፣ ሁሉም በጽሑፍ ነው፣ ፕሮግራም ጽፎ ለማያውቅ የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል። አብሽሩ፣ ይለመዳል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ እኔን ሦስት ሳምንት በልቶብኛል። ፕሮግራሙ ላይ መፍትሔውን ደረጃ በደረጃ የምፈልግበት የኒውተን ዘዴ መነሻ ግምት ይፈልጋል፤ ከዜሮ ብትነሱ እዚያው ዜሮ ላይ ትቀራላችሁ፣ ዜሮም መፍትሔ ነውና። ስለዚህ ትንሽ ጉብታ ትሰጡታላችሁ። እኔ ኤፕሲሎን 0.05 ላይ ጉብታውን ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ አድርጌ አስቀመጥኩት። ስሌቱ ተሳካ፣ ስህተቱ እዚህ ግባ የማይባል ሆነ፣ ሹሉ ግን እዚያው ካስቀመጥኩት ቦታ ንቅንቅ አላለም። ቲዎሪው መሃል ይላል! ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። ሹሉን ወደ መሃል የሚስበው ኃይል ከጠርዙ ባለው ርቀትና በኤፕሲሎን ሬሾ በኤክስፖኔንሻል ያንሳል፤ ርቀቱ 0.8 ሲሆን ከአንድ በ14 አሃዝ ያህል ያንሳል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚይዘው 16 አሃዝ ገደማ ነው። ኒውተን ያንን መሳብ እንዴት ይስማው? መድኃኒቱ ኤፕሲሎንን ከ0.3 መጀመር ነው። እዚያ ላይ ሹሉ ሰፊ ስለሆነ ቦታውን ያገኛል፣ ከዚያ ኤፕሲሎንን ቀስ በቀስ እያሳነሳችሁ የበፊቱን ውጤት መነሻ ታደርጉታላችሁ።

የሹሉን ቁመትም ሳትመረምሩ አትመኑ። የሚፈለገው ነገር በኪዩብ የሚገባበት ነጠላ ኢኩዌሽን ሲሆን፣ በሁለት ዳይሜንሽን የሹሉ ቁመት 2.206 ገደማ መሆን አለበት፣ ኤፕሲሎን ምንም ያህል ቢያንስ። ሁለቱ ኢኩዌሽኖች እኩል ሲሆኑና ቤታ 3 ሲሆን ይህ በሁለት ተካፍሎ 1.103 ይመጣል። የእኔ 1.10 ሲል ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፣ ወረቀቱን ይዤ ጎረቤት ሁሉ ላሳይ ዳድቶኝ ነበር። ከዚህ የራቀ ቁጥር ካያችሁ ሜሹ አልደቀቀ ሊሆን ይችላል።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ኤፕሲሎንን ባሳነሳችሁ ቁጥር ሜሹንና ውጤቱን ፋይል ላይ አስቀምጡ። ሴቭሜሽ የሚለው ትእዛዝ ሜሹን በአንድ መስመር ያስቀምጣል፣ ውጤቱ ግን ለብቻው ፋይል ላይ ይጻፋል። መብራት ሲመጣ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።